ለዘጌ ሰው የበሬ ብዛት

ነሐሴ ላይ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባርቷል። ሱቄን ከፍቼ ገና ፕሪንተሩን ሳበራ አንድ አባት ገቡ። የጋቢያቸው ጫፍ ርሷል። ከጣና ሐይቅ ማዶ፣ ከዘጌ በጀልባ እንደመጡ ነገሩኝ። ከደረት ኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ፍላሽ አወጡ። የልጅ ልጃቸው ኮምፒውተር ላይ ፎርም ሞልቶላቸዋል። «እስቲ ይችን አውጪልኝ ልጄ፤ ብድር ልጠይቅ ነው» አሉኝ።

ከፈትኩት። በኤክሴል የተሠራ የብድር ማመልከቻ ነው። ፕሪንት አደረግኩት። 7 ገጽ ወጣ።

ባሕር ዳር ላይ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ ስሠራ 9 ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፎርም ለእኔ ወረቀት ነበር። ይወጣል፣ ይቆጠራል፣ ይከፈላል። በቃ። አባባ ግን ቆመው አንድ በአንድ ያገላብጡት ጀመር። አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ገጹን የሞላው 12 ረድፍ ያለው ትልቅ ሠንጠረዥ ነው። አንድም ፊደል አልተጻፈበትም።

«ይኼ ምንድን ነው የሚለው?»

«የሚታረስ መሬት በሄክታር፣ የበሬ ብዛት፣ የላም ብዛት ነው አባባ።»

«እኔ እኮ የዘጌ ሰው ነኝ» አሉ።

ዘጌን የሚያውቅ ወዲያው ይገባዋል። ዘጌ ላይ ከአባቶች በወረደ ሃይማኖታዊ ልማድ መሬት አይታረስም። በሬ አይጠመድም። ሰዉ የሚኖረው በቡናው፣ በጌሾው፣ በሎሚው ነው። እሳቸውም ብድሩን የፈለጉት የቡና ማድረቂያ አልጋ ለማሠራት ነው። ፎርሙ ግን ለሁሉም አንድ ነው። 12 የበሬ ረድፍ አትሞ ሰጣቸው።

ቀጥሎ ያሉት ገጾችም እንደዚያው ናቸው። ሁለተኛ አመልካች (ካለ)። ሕጋዊ ወኪል (ካለ)። ዋስ (ካለ)። የንግድ ድርጅት መረጃ (ካለ)። ይህችን «ካለ» የምትል ቃል ፎርም የሞላ ሰው ሁሉ ያውቃታል። እኔ እነዚህን «የካለ ክፍሎች» እላቸዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ክፋት የላቸውም። ሸብልለህ ታልፋቸዋለህ። ወረቀት ላይ ሲመጡ ግን ይታተማሉ፣ ይከፈልባቸዋል፣ ይፈረምባቸዋል።

በዚያን ጊዜ በገጽ 5 ብር ነበር የምንሠራው። 35 ብር ተቀበልኩ። አባባ ወደ ጉዳያቸው ሄዱ።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ተመለሱ። ፎርሙን አልተቀበሏቸውም። ምክንያቱም በየገጹ ግርጌ «የአመልካች ፊርማ» የሚል መስመር አለ፤ እሳቸው የፈረሙት ጽሑፍ ያለባቸው ገጾች ላይ ብቻ ነው። ባዶዎቹን አልፈረሙም። እንዲፈርሙ ሲነገራቸው እምቢ አሉ። «ባዶ ወረቀት ላይ እንዴት እፈርማለሁ? ነገ ማን ምን እንደሚጽፍበት በምን አውቃለሁ?» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። እውነታቸውን ነበር። የዋስ ገጽ ባዶውን ተፈርሞበት ሲቀመጥ አስቡት። ስምና መጠን መጻፊያው ክፍት ነው፤ ፊርማው ከታች አለ።

ማስመሪያ አነሳሁ። ባዶ ክፍሎቹ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ መስመር አሰመርኩ። መሐሉ ላይ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ቦታ። ያን ጊዜ ፈረሙ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ነፋስ ስለሚነሳበት ለጀልባው ተጨንቀው በችኮላ ወጡ። ገንዘቡን ግን አልመለስኩላቸውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

*

ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ቆጠርኩ። ያንን ፎርም ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ስንት ገጽ እንዳሳተመ፣ ስንቱ ገጽ ላይ ጽሑፍ እንዳለ በደብተር ያዝኩ። 41 ሰው መጣ። 287 ገጽ ወጣ። የሆነ ነገር የተጻፈባቸው 96 ብቻ ናቸው። 191 ወረቀት የሰንጠረዥ መስመር ብቻ ይዞ ወጣ። አንድ ደስጣ 500 ወረቀት ነው። የደስጣውን ሲሶ የሚያልፍ ባዶ ሠንጠረዥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ፣ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ዓይነት ፎርም ብቻ።

ሰው «ለአንቺ ምን አለብሽ፣ ገጽ በበዛ ቁጥር ገቢሽ ነው» ይለኛል። ነው። ግን ብሩን የሚያወጣው ማን እንደሆነ ፊት ለፊቴ ቆሞ አየዋለሁ። ከሽምብጥ ሰፈር በእግሯ የመጣች፣ ከደቅ ደሴት ጀልባ ጠብቆ የመጣ፣ የባጃጅ ሒሳብ ቆጥራ የያዘች ናት። ባዶ ወረቀት ሸጬ ማደር አልፈልግም።

ስለዚህ ፎርሙን ራሴው ላስተካክለው ተነሳሁ። ኤክሴል ስለሆነ እጄ ላይ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት ቀላል ነገር ነበር። ያልተሞላ ክፍል ካለ ረድፎቹ ይደበቁ። ኤክሴል የተደበቀ ረድፍ አያትምም፤ የታችኛውም ከፍ ብሎ ቦታውን ይይዛል። ከሠንጠረዡ በስተቀኝ፣ ከሚታተመው ክልል ውጭ፣ አንዲት ረዳት ዓምድ ጨመርኩ። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ የተጻፈ ነገር መኖሩን ካውንትኤ በሚባለው ፎርሙላ ትቆጥራለች። ካለ 1፣ ከሌለ 0 ትላለች። ከዚያ ፊልተር አድርጌ 1 ያሉትን ብቻ አስቀራለሁ።

አልሠራም። ሁሉም ክፍል 1 አለ።

ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ለካ በየሠንጠረዡ ተራ ቁጥሩ አስቀድሞ ተጽፏል። 1፣ 2፣ 3 እያለ እስከ 12። ፎርሙላው እሱን «የተሞላ» ብሎ ይቆጥረዋል። ተራ ቁጥሩን ከቆጠራው አወጣሁ። አሁንም አንድ ክፍል እምቢ አለ። እዚያ ደግሞ ድምር የሚሠራ ሴል (የሠንጠረዡ አንዲት ሳጥን) አለ፤ ባዶ ሆኖ ቢታይም ውስጡ ፎርሙላ ስላለ ይቆጠራል። እሱንም አወጣሁ። ሦስተኛው የባሰ ነበር። ሰው ሲሞላ ስፔስ ነክቶ ያለፈበት ሴል ለዓይን ባዶ ነው፤ ለኤክሴል ግን ተሞልቷል። ክፍተቱን ቆርጦ ከጣለ በኋላ የፊደሉን ርዝመት የሚያይ ፎርሙላ ተጠቀምኩ። ወደ ታች የተዋሐዱ ሴሎችም ፊልተር ሲደረግ ይበላሻሉ። እነሱን ፈታኋቸው። በእጅ የገቡ የገጽ መቁረጫዎች ነበሩ። አነሳኋቸው። ይህን ሁሉ የምጽፈው እንደ እኔ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ያችን ግማሽ ቀን እንዳያባክን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ፊልተር በራሱ አይታደስም። ሰው አንድ ክፍል ጨምሮ ከሞላ በኋላ ‹ሪአፕላይ› ካላላችሁት፣ አዲስ የሞላው ክፍል እንደተደበቀ ይቀራል። ሳይታተም ይሄዳል ማለት ነው። ማክሮ (ኤክሴል ሥራውን በራሱ እንዲሠራ የሚታዘዝበት ጽሑፍ) ጽፎ ከፕሪንት በፊት በራሱ እንዲታደስ ማድረግ ይቻላል። እኔ ግን ማክሮ ሸሸሁ። ፋይሉ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ነው የሚዞረው። በፍላሽ ቫይረስ የተቃጠለ ሰው ማክሮ ያለበት ፋይል ሲያይ ይደነግጣል፤ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩም ራሱ ይከለክለዋል።

ደስ አለኝ። የአባባ ዓይነቱ ፎርም 2 ገጽ ሆኖ ወጣ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ወጣት በእኔ ፎርም ሞላ፣ ሁለት ገጽ ይዞ ሄደ፣ ተመለሰ። ዋስ ነበረው። መሙላት ረስቶ ነው ያለፈው። በድሮው ፎርም ቢሆን ባዶው የዋስ ገጽ ፊቱ ላይ ተደቅኖ «ሙላኝ» ይለው ነበር። የእኔው ዝም ብሎ ደበቀለት። ልጁ የአንድ ቀን ጉዳዩን በእኔ ምክንያት አጣ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ በደንብ የገባኝ። ባዶ ማለት «የለኝም» ማለት አይደለም። ባዶ ማለት ረስቼዋለሁ ሊሆን ይችላል። አልገባኝም ሊሆን ይችላል። መብራት ሄዶብኝ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አሠራሩን ቀየርኩት። ኮምፒውተሩ ባዶነትን አይቶ አይደብቅ። ሰውየውን ይጠይቅ። በእያንዳንዱ የካለ ክፍል አናት ላይ አንድ ጥያቄ ገባ። «ዋስ አለዎት? አለኝ / የለኝም»። «አለኝ» ካለ ሠንጠረዡ ይታተማል። «የለኝም» ካለ ሠንጠረዡ ይጠፋና በቦታው አንዲት መስመር ትታተማለች። «ክፍል 6፦ ዋስ። አመልካቹ የለኝም ብለዋል።» ምንም ካልመለሰ ግን ሠንጠረዡ በሙሉ ይታተማል፤ አናቱ ላይም በደማቁ «ይህ ጥያቄ አልተመለሰም» ይላል። አሠራሩ ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል ሁለት መልክ አለው፤ አንድ ሙሉ ሠንጠረዥና አንድ ነጠላ መስመር። ረዳቷ ዓምድ እንደ መልሱ ለአንዱ 1 ለሌላው 0 ትሰጣለች።

በተሞላ ሠንጠረዥ ውስጥ ያሉ ትርፍ ረድፎችንም አልተውኳቸውም። ሁለት ልጆች ያሉት ሰው 10 የልጅ ረድፍ ምን ያደርግለታል? ስምንቱ ይደበቃሉ። ከመጨረሻው ስም ሥር «ከዚህ በታች ሌላ የለም» የሚል መስመር ይመጣል። ቼክ ላይ ከገንዘቡ ቀጥሎ «ብቻ» ብለን እንደምንጽፈው ማለት ነው። ለዚያው ዓላማ ነው።

*

ሌላም የደረሰ ነገር ልንገራችሁ። ይሄኛው በእኔ ፎርም አይደለም። በኢንተርኔት የሚሞላ፣ የሌላ ድርጅት ፎርም ነው።

አንዲት እህት መጣች። ስልኳ ላይ ሞልታ ጨርሳለች፤ ማተም ብቻ ነው የቀራት። ከአንዱ ጥግ ተቀምጣ ሊንኩን ላከችልኝ። ከፈትኩ። ስክሪኑ ላይ «የጋብቻ ሁኔታ፦ የተፋታች» ይላል። የባለቤት መረጃ የሚባል ክፍል አይታይም። ጥሩ ነው። አተምኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ «የባለቤት ሙሉ ስም» ብሎ የሰውየው ስም ከነአያቱ፣ ከነስልክ ቁጥሩ ወጣ።

ወረቀቱን ስትቀበለኝ ፊቷ ተለወጠ። ዝቅ ባለ ድምፅ «ይሄ ስም እዚህ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በስህተት «ያገባች» የሚለውን ነካች። ክፍሉ ተከፈተ። ስልኩ ከድሮ የያዘውን ስም ራሱ ሞላው። ከዚያ «የተፋታች» ብላ አስተካከለች። ክፍሉ ከስክሪኑ ጠፋ። የተሞላው ግን ውስጥ ውስጡን አለ። ሲታተም ደግሞ የመደበቂያው ትእዛዝ ለስክሪን ብቻ ስለተጻፈ ወረቀቱ ላይ ተመልሶ መጣ። ወደ «ያገባች» መልሰን፣ ስሙን አጥፍተን፣ እንደገና «የተፋታች» አልን። ንጹሕ ሆኖ ወጣ። የመጀመሪያውን ወረቀት እዚያው ቀድዳ ወሰደችው። ለእኔ አልተወችልኝም። ልክ ናት።

መደበቅና ማጥፋት ሁለት ነገር ናቸው። ፎርም የሚሠሩ ሰዎችን የምለምነው ይህንን ነው። ሰው «የለኝም» ብሎ ከመለሰ ክፍሉን መደበቅ አይበቃም፤ ውስጡ ያለውንም አጥፉት። አለበለዚያ የተደበቀው ነገር አንድ ቀን በማይሆን ሰው ፊት ይወጣል።

ፖሊ ቴክኒክ የሚማር አንድ የጎረቤቴ ልጅ አለ። ድረ ገጽ ይሠራል። የኢንተርኔት ፎርም ሲታተም እንዴት እንደሚታዘዝ ያሳየኝ እሱ ነው። ሲኤስኤስ በሚባለው ቋንቋ ለስክሪን አንድ፣ ለማተሚያ ሌላ ትእዛዝ መጻፍ ይቻላል። አዲስ ነገርም አይደለም፤ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በፈረንጅ አቆጣጠር በደንቡ ውስጥ ያለ ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ ነገር በጣም ገረመኝ። ሁለት ዓይነት መደበቂያ አለ። አንደኛው ክፍሉን ከነቦታው ያነሳዋል፤ ከታች ያለው ከፍ ይላል። ሁለተኛው ጽሑፉን ብቻ ሰውሮ ቦታውን ባዶ ይተወዋል። በሁለተኛው ከተጠቀማችሁ ነጭ ወረቀት ነው የምታትሙት። ለፎርም ከሠንጠረዥ ይልቅ ነጭ ቦታ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም የፈለጉትን ይጽፉበታል።

ፒዲኤፍ ላይም ችግሩ ይኸው ነው። ተራ የፒዲኤፍ ፎርም ላይ አንድን መሙያ ሳጥን «ይታያል ግን አይታተምም» ማለት ይቻላል። የሚጠፋው ግን ሳጥኑ ብቻ ነው። ርእሱና መስመሩ የገጹ አካል ስለሆኑ ይቀራሉ። የታችኛውም ወደ ላይ አይሳብም። ፒዲኤፍ ላይ ገጹ አንዴ ከተሠራ ቦታው አይነቃነቅም። ክፍል ሲጠፋ ገጹ የሚሰበሰብበት ኤክስኤፍኤ የሚባል የፒዲኤፍ ዓይነት ነበር። ግን በብዙ ስልክ አይከፈትም፤ በ2017 የወጣው የፒዲኤፍ 2.0 ደረጃም ትቶታል። ስለዚህ በፒዲኤፍ የምትሠሩ ከሆነ ቀላሉን መንገድ ልንገራችሁ። እያንዳንዱን የካለ ክፍል በራሱ ገጽ ላይ አድርጉት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የክፍሎቹ ዝርዝር ይኑር፤ ሰውየው ያለውና የሌለው ላይ ምልክት ያድርግ። ከዚያ የተሞሉትን ገጾች ብቻ መርጦ ማተም ነው። ብዙ ጥበብ የለውም። ግን ይሠራል።

ዎርድን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ጽሑፍን ‹ሂድን› አድርጎ መደበቅ አትመኑ። የተደበቀ ጽሑፍ ይታተም አይታተም የሚወስነው የሚያትመው ኮምፒውተር ላይ ያለ ምርጫ ነው። በእኔ ሱቅ የተደበቀው ሌላ ቢሮ ሄዶ ሊታተም ይችላል። ባዶ የቀረ ሳጥን ላይም «እዚህ ይጻፉ» የሚለው ግራጫ ጽሑፍ ሳይሞላ ከቀረ አብሮ ይታተማል። ስንት ማመልከቻ «እዚህ ይጻፉ» እንዳለ ማኅተም ተመትቶበት አይቻለሁ።

*

ወደ ብድሩ ፎርም ልመለስ። ሠራሁት እንጂ የእኔ አይደለም። ባለቤቱ መሥሪያ ቤቱ ነው። እኔ አስተካክዬ ባትም «ይሄ የእኛ ፎርም አይደለም» ይላሉ፤ ብለዋልም። ስለዚህ ይዤው ሄድኩ። ሁለት ወረቀት ያዝኩ። በአንድ ሰው መረጃ አንዱ 7 ገጽ፣ ሌላው 2 ገጽ። ስሙን እኔው የፈጠርኩት ነው።

አለቃው ወዲያው ወደዱት። ዝም ብዬ ደስ ልሰኝ ስል ግን መዝገብ ቤት የምትሠራዋን ሴትዮ አስጠሩ። እሷ አልወደደችውም። ሳትቆጣ አስረዳችኝ። «እኔ እኮ ቁጥር አላነብም» አለች። «ዋስ ስፈልግ ስድስተኛውን ገጽ ነው የምገልጠው። በቀን ስንት ፋይል እንደማወጣ ታውቂያለሽ? የአንዱ ዋስ ገጽ 2 ላይ፣ የሌላው ገጽ 4 ላይ ከሆነ እኔ ስፈልግ መዋሌ ነው።»

ትክክል ናት። እኔ ያየሁት የሚያትመውን ሰው ነው። እሷ የምታየው ከአምስት ዓመት በኋላ ፋይሉን የሚያወጣውን ነው። አቧራ የጠጣ መደርደሪያ ሥር ቆማ ፋይል ስትገልጥ አየኋት። አውራ ጣቷ አይሳሳትም። ቆጥሮ አይደለም የሚያገኘው፤ ለምዶ ነው።

ኦዲተሩ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጣ። «ሰባት ገጽ የነበረ ሁለት ሆኖ ሲመጣልኝ አምስቱን ማን እንዳወጣቸው በምን አውቃለሁ?»

አብረን ተቀመጥን። ቡና ተጠርቶ መጣ። ሦስት ነገር ተስማማን። የመጀመሪያው፣ የክፍል ቁጥር አይለወጥም። ዋስ ሁልጊዜ ክፍል 6 ነው። ክፍል 4 እና 5 ባይሞሉም ቁጥራቸው ለሌላ አይሰጥም፤ ነጠላ መስመራቸው በቦታቸው ትታተማለች። ሁለተኛው፣ በወረቀቱ ቀኝ ጠርዝ ላይ የክፍሉ ቁጥር በትልቁ ይውጣ። ይሄ የእሷ ሐሳብ ነው። አውራ ጣቷ በሚያርፍበት በኩል ማለት ነው። ሦስተኛው፣ ግርጌው ላይ «ገጽ 1 ከ 2» ይባል፤ ፊርማውም በየገጹ መሆኑ ቀርቶ ከመጨረሻው መስመር ሥር አንድ ጊዜ ይሁን፣ ከጎኑም «በዚህ ፎርም 8 ክፍሎች አሉ» የሚል ይጻፍ። ኦዲተሩ ስምንት መስመር ወይም ሠንጠረዥ ቆጥሮ ካገኘ የጎደለ የለም።

የሴትየዋ ተቃውሞ ባይኖር ፎርሙ ለሚያትመው ሰው ብቻ የሚጠቅም ይሆን ነበር። ይህንን ደጋግሜ አስባለሁ። ወረቀት የሚያሳትመው አንድ ሰው ነው፤ የሚፈርመው፣ የሚያስቀምጠው፣ የሚመረምረው ሌላ ሌላ ሰው ነው። የአንዱን ሸክም ቀንሰህ ለሌላው ካሸከምከው ምን ተሠራ?

አዲሱ ፎርም ታኅሣሥ ላይ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ሰሞን «ገጽ ጎደለ» ብለው የመለሷቸው ሰዎች ነበሩ። አሁን ለምደውታል። እስከ አሁን የቀረኝ አንድ ነገር አለ። ስልክ ላይ የሚሞሉ ሰዎች ፊልተሩን ማደስ ስለሚቸግራቸው ፋይሉን ሱቅ አምጥተው እኔ ነኝ የማድስላቸው። እሱን የጎረቤቴ ልጅ በኢንተርኔት የሚሞላ አድርጎ ሊሠራው ጀምሯል።

የካቲት ላይ ያ አባት ተመልሰው መጡ። እኔን አላስታወሱኝም፤ እኔ ግን ከበሩ ላይ ለየኋቸው። ለራሳቸው አልነበረም። የሰፈራቸውን አንዲት እናት ይዘው ነው። እማማ መጻፍ አይችሉም። እኔ እየጠየቅኩ እሳቸው እየመለሱ ሞላን። ዋስ አለዎት? የለኝም። ወኪልስ? የለኝም። ሁለተኛ አመልካች? «ባሌ ሞቷል፤ ማን ይኖረኛል ልጄ» አሉ። የለኝም ብዬ ነካሁ። በሬ? ሁለቱም ተያዩና ፈገግ አሉ።

2 ገጽ ወጣ። አባባ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አቀረቡት። በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡላቸው። «ክፍል 4፦ እርሻና የቀንድ ከብት። አመልካቿ የለኝም ብለዋል።» ቀና አሉና «ይኸው፣ በሬ የለንም ብሎ ራሱ ጽፎታል። ባዶ ቦታ የለውም። አሁን አሻራሽን አድርጊ» አሏቸው።

የማኅተም ቀለሙን ከፍቼ አቀረብኩ። እማማ አውራ ጣታቸውን ነክረው ከመጨረሻው መስመር ሥር ተጫኑት። ጣታቸውን በሶፍት ጠረግኩላቸው። ከፌስታላቸው 10 ብር አውጥተው ሰጡኝ። ያኔ ለ7 ገጽ ከከፈሉት ላይ ትርፉን 25 ብር ለአባባ ልመልስላቸው ፈልጌ ሳወጣ «የምን ነው?» አሉኝ። የነሐሴውን ነገር ነገርኳቸው። አስታወሱ። ለእማማ አስያዙትና ጀልባው እንዳያመልጣቸው ፈጠን ብለው ወጡ።